የጣና ዓሣና የደምበጫ ገበታ

ክረምቱ በበረታበት፣ የጮቄ ራስ በጉም በተጠቀለለበት በነሐሴ ወር መጀመሪያ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ለምሳ ደምበጫ ላይ ወረድን። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ከገባንበት ምግብ ቤት ሽሮውና ምስሩ እንደ ልማዱ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከዚህም ሌላ ከባሕር ዳር በመኪና የመጣ ዓሣ መኖሩን የቤቱ እመቤት ነገሩን። «እኔስ በጾም አልቀምሰውም፤ ነገር ግን መንገደኛው ሁሉ ይጠይቀኛል» አሉን። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን፣ ከእኛ ጋር ከአንድ ገበታ የተቀመጡት ሁለት ወጣቶች ዓሣውን አዘዙ። አንደኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ሁለተኛው በቅርብ ጊዜ ወደ ወረዳ የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ ነው።

ዓሣው ከጓዳ እየታረደ ሳለ እመቤቲቱ አንድ ሳሕን ይዘው ብቅ አሉ። በሳሕኑ ውስጥ እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ እንቁላል ሞልቶ ነበር። «ልጆቼ፣ በዚህ ወር የሚመጣልን ነጭ ዓሣ እንደዚህ ነው፤ ሆዱ ሲከፈት ከሥጋው እንቁላሉ ይበዛል» አሉ። ወጣቱ ሠራተኛ ሳሕኑን አየና፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ዛሬ የምንበላው አንድ ዓሣ ነው ወይስ አንድ ሺህ?» ሲል ጠየቀ። ሁላችንም ሳቅን። ነገር ግን መኪናችን ጂጋንና ፍኖተ ሰላምን አልፎ ወደ ቡሬ ሲያቀና ጥያቄው ከልባችን አልወጣም ነበር። ይልቁንም እያደር ሳቁ ቀርቶ ጥያቄው ብቻ ቀረ።

ደምበጫ ከጣና ሐይቅ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። የአካባቢዋ ወንዞች የሚፈሱት ወደ ጣና ሳይሆን ወደ ዓባይ ሸለቆ ነው። ስለዚህ የደምበጫ ሰው፣ «የጣና ዓሣ ቢያልቅ ባያልቅ እኔን ምን አገባኝ?» ቢል የሚፈርድበት ላይኖር ይችላል። ነገር ግን የሐይቁ ዕድል የሚወሰነው በሐይቁ ዳር ብቻ አይደለም። በሐይቁ ላይ መረብ የሚጥለው ሰው የሚጥለው ገዢ ስላለው ነው፤ ገዢው ደግሞ በደምበጫም፣ በደብረ ማርቆስም፣ በአዲስ አበባም ይገኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ለአንባቢዎቻችን ለማስረዳት አሰብን።

ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱን አይቶ ጥልቀቱም የዚያኑ ያህል ነው ብሎ የሚገምት ሰው ግን ይሳሳታል፤ በጣም ጥልቅ ከሆነው ቦታ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ከሚሆን ገደል ይወረወራል። ይህ ፏፏቴ ለጎብኚው የውበት ምንጭ ነው፤ ለዓሣ ግን የማይዘለል ግንብ ነው። ከታች ያለው ዓሣ ወደ ላይ ሊወጣ አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ከሌላው የዓባይ ዓሣ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ለብቻቸው ሲራቡ ኖረዋል።

ከዚህም የተነሣ በሐይቁ ውስጥ በዓለም ላይ ከሌላ ቦታ የማይገኝ የዓሣ ዘመድ ተፈጠረ። የአገሬው ሰው በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የሚለው፣ የሳይንስ ሰዎች ደግሞ «ላቤዮባርበስ» ብለው የሚጠሩት ይህ ወገን፣ ሲያዩት አንድ ቢመስልም አንድ አይደለም። ተመራማሪዎች እያንዳንዱን በአፉ ቅርጽ፣ በምግቡና በአኗኗሩ ለይተው ቢያጠኑ ወደ 15 የሚደርሱ ዓይነቶች አግኝተዋል። አንዱ የውሃ ተክል ይመገባል፤ ሌላው ከጭቃው ውስጥ ትላትል ይለቅማል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። ጥርስ በአፉ የሌለው የዓሣ ወገን አዳኝ ሆኖ መገኘቱ ራሱ ሊቃውንቱን ሲያስደንቅ ኖሯል።

ይህን የመሰለ በአንድ ሐይቅ ውስጥ የተባዛ የዚህ ወገን የዓሣ ቤተ ሰብ በዓለም ላይ ሌላ ቢፈለግ፣ ስሙ በሰፊው ይነሣ የነበረው በፊሊፒንስ አገር የሚገኘው የላናዎ ሐይቅ ነው። ነገር ግን ወደዚያ ሐይቅ ከሌላ ቦታ የመጡ አዳኝ ዓሦች ገቡበት፤ ሰውም ያለ መጠን አጠመደበት። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ2020 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናዎ ዓሦች 15 የሚሆኑት ዓይነቶች ከምድር ገጽ መጥፋታቸውን አስታወቀ። እንግዲህ ጣና ታላቅ ወንድሙን እንደ ቀበረ ሰው ብቻውን ቀርቷል ማለት ይቻላል። ከላናዎ የደረሰው ከጣና እንዳይደርስ መጠንቀቅ የእኛ ፈንታ ነው።

አሁን ወደ ደምበጫው ሳሕን እንመለስ። በጣና የሚኖሩት ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች የሚራቡት በሐይቁ ዳርቻ፣ በደንገሉና በረግረጉ አካባቢ ነው። ከነጭ ዓሣ ወገን ግን ሰባት የሚሆኑት ዓይነቶች እንቁላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባ፣ ወንዞች ሲሞሉ፣ ከሐምሌ ጀምሮ በወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ከዚያም ጉማራን፣ ርብን፣ መገጭን፣ ግልገል ዓባይንና እነዚህን የመሳሰሉትን ወንዞች ተከትለው ሽቅብ ይጓዛሉ። የሚፈልጉት ጠጠር ያለበት፣ ንጹሕና ፈጣን የሆነ ውሃ ነው፤ እንቁላሉ ከጠጠሩ መካከል ተቀምጦ የሚፈለፈለው በዚያ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ይህ ጉዞ እስከ ጥቅምት ድረስ ይቆያል። እናቶቹ ተመልሰው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ፤ ጫጩቶቹም በኋላ ይከተሏቸዋል።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። ዓሣው በዓመት ውስጥ ተበታትኖ ሲኖር ለማጥመድ ያስቸግራል። በነሐሴ ወር ግን ሐይቁን ሁሉ ትቶ በጠባብ የወንዝ አፍ ይታፈናል። በዚያ ቦታ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚያገኘውን ያህል በሌላው ጊዜ በብዙ ቀን አያገኝም። ወንዙን ሽቅብ ከወጣም በኋላ የሚጠብቀው አለ። አንዳንዱ ወንዙን በድንጋይና በእንጨት አጥሮ ይይዘዋል። አንዳንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ውስጥ ይጨምርና ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅመዋል። ብርብራ ደግሞ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ እናቲቱንም ጫጩቲቱንም በአንድነት ይፈጃል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቀን መዋሉና የዓሣ ፈላጊ የሚበዛበት ወቅት መሆኑ ሲታሰብ፣ የገበያው ጥሪና የዓሣው የመውለጃ ጊዜ በአንድ ወር መገጣጠማቸው ግልጽ ይሆናል። የደምበጫው እመቤት ያዩት እንቁላል ምሥጢሩ ይኸው ነው።

በድሮ ጊዜ ይህ ሁሉ ያን ያህል አደጋ አልነበረም። የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች፣ በተለይም የወይጦ ሰዎች፣ ከደንገል በሠሩት ታንኳ ከዳር ሳይርቁ ያጠምዱ ነበር። ታንኳው ውሃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ሩቅ አይወስድም፤ መረቡም አነስተኛ ነበር። በዚህ ምክንያት ድካሙ ራሱ ለዓሣው ጥበቃ ሆኖለት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1986 ግን በበጎ አድራጊ ድርጅቶች እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። ሐሳቡ የተቀደሰ ነበር፤ ድኻው አጥማጅ ኑሮውን እንዲያሻሽል፣ ከተማውም ርካሽ ምግብ እንዲያገኝ የታሰበ ነው። ሥራውም በፍጥነት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚህ ዘዴ የተያዘው ዓሣ 39 ቶን ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ከ10 ዓመት በኋላ 360 ቶን ያህል ደረሰ።

ይሁን እንጂ የሐይቁ ዓሣ በመረቡ ልክ አልተባዛም። ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ2001 ካገኙት ጋር ቢያስተያዩት፣ ከነጭ ዓሣው ሦስት አራተኛ የሚሆነው ጎድሎ ተገኘ። ከትልልቆቹ ይልቅ ደግሞ የባሰው የጫጩቶቹ መቀነስ ነበር። ገበሬ ለሆነው ሕዝባችን ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። አዝመራ ቢጠፋ የአንድ ዓመት ችግር ነው፤ ዘር ቢጠፋ ግን የዘለቄታ ችግር ነው። በወንዝ አፍ የሚታጠመደው ዓሣ ዘሩ ነው።

በዚህ ላይ አጥማጁ ብቻ ተወቃሽ እንዲሆን ማድረግ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ከወንዞቹ ውስጥ ለሕንፃ ሥራ አሸዋና ጠጠር ይዛቃል፤ ይህ ጠጠር ለዓሣው አልጋው ነው። በበጋ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ ለመስኖ ይውላል። በወንዞቹ ላይ የሚሠራው ግድብ ለገበሬው በረከት ቢሆንም ለዓሣው የተዘጋ በር ነው። ከደጋው ተጠርጎ የሚመጣው አፈርም ውሃውን ያደፈርሰዋል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው መጤ አረም በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ታይቶ ተስፋፍቷል። አጥማጁ በዚህ ሁሉ ላይ ሥልጣን የለውም፤ በእጁ ያለው መረቡ ብቻ ነው።

መንግሥትም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ። የአማራ ክልልም የራሱን ሕግ ተከትሎ አወጣ። ማን፣ የት፣ መቼና በምን መሣሪያ ሊያጠምድ እንደሚገባው ለመወሰን የሚያስችል መሠረት በዚህ ተጥሏል። ቀጥሎም በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጣናን ሐይቅና አካባቢውን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገባው።

«ጥብቅ ቦታ» የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ሁሉ በአጥርና በዘበኛ የተከለለ፣ ሰው የማይገባበት ቦታ ይመስለዋል። የባዮስፌር ሥርዓት ግን እንዲህ አይደለም። ቦታው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ዋናው እምብርት ነው፤ ይህ ሳይነካ ይቀመጣል። ሁለተኛው በእምብርቱ ዙሪያ ያለው መከታ ነው፤ እዚህ የማይጎዳ ሥራ ይፈቀዳል። ሦስተኛው ሰዎች የሚኖሩበት፣ የሚያርሱበት፣ የሚነግዱበት ሰፊ ክልል ነው። አሳቡ ሰውን ከተፈጥሮ ለመለየት ሳይሆን፣ ሰውና ተፈጥሮ እንደ ባልና ሚስት ተቻችለው እንዲኖሩ ለማድረግ ነው።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ ሕግ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል፣ በነሐሴ ሌሊት በጉማራ አፍ ላይ ሲፈጸም ግን ከባድ መሆኑ ነው። እስቲ ራሳችንን በአጥማጁ ቦታ እናስቀምጠው። መሬት የለውም። መረቡን የገዛው በብድር ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሊገቡ መስከረም ቀርቧል። ዓሣው በዓመት አንድ ጊዜ ተሰብስቦ ከፊቱ ቆሟል። «ተው፣ ይህ ዘር ነው» ብንለው፣ «እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይወስደዋል» ብሎ ይመልስልናል። ይህ መልስ ስንፍና ወይም ክፋት አይደለም፤ እውነት አለው። ብቻውን የታቀበ ሰው ይራባል፣ ዓሣውም አይድንም። ሁሉም በአንድነት ከታቀበ ግን ሁሉም ይጠቀማል።

ይህን የመሰለ ችግር በውጭ አገርም የደረሰ ነው። በካናዳ በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ሲጠመድ የኖረው ኮድ የተባለ ዓሣ፣ ትልልቅ መርከቦች ያለ ልክ ስላጠመዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1992 መንግሥቱ ማጥመዱን በጠቅላላ ለመከልከል ተገደደ። ከ30,000 በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። በጊዜው ትንሽ መከልከል ያልወደደ አገር በኋላ ሁሉን ለመከልከል በቃ ማለት ነው። በአንጻሩ በፊሊፒንስ አፖ በምትባል ትንሽ ደሴት፣ ነዋሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ተማክረው እ.ኤ.አ. በ1982 ከባሕራቸው ጥቂቱን ክፍል ራሳቸው ከልክለው ራሳቸው ጠበቁት። ከዓመታት በኋላ በተከለከለው ቦታ የበዛው ዓሣ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ለአጥማጆቹ ደረሳቸው። ልዩነቱ ያለው ከባሕሩ ላይ ሳይሆን ከሰዎቹ ስምምነት ላይ ነው።

ነገር ግን ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልገንም። በመንዝ የጓሳ ሣር በአባቶች ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ ይቆይና፣ ለመክፈት በተስማሙበት ቀን ብቻ ባለ መብቶቹ ሁሉ በአንድነት ገብተው ያጭዱት ነበር። ይህ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ቆይቶ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ተቋረጠ፤ የአካባቢው ሕዝብ ግን ዘዴውን አልረሳውም። በጎጃምም ቢሆን መንገደኛው ከሩቅ የሚያየው ጥቁር ደን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በዙሪያው ያለው ዛፍ ሁሉ ሲቆረጥ ይህ የቀረው ዘበኛ ስለ ቆመለት ሳይሆን፣ «አይነካም» የሚለውን ሁሉም ስለ ተቀበለው ነው። እንግዲህ ሕዝባችን ከልክሎ መቆየትን፣ ቆይቶም በጋራ መጠቀምን ያውቅበታል። ለደንና ለሣር የተቻለው ለወንዝ አፍ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

በበኩላችን ከነገሩ ሁሉ እንደ ተረዳነው፣ ሐይቁን ለዓሣ መተው ወይም ለአጥማጅ መልቀቅ ከሚሉት ሁለት ጫፎች አንዱን መምረጥ አያስፈልግም። ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ዓመቱም ረጅም ነው። ሊከለከል የሚገባው ጥቂት ቦታ በጥቂት ጊዜ ነው፤ ይኸውም የወንዞቹ አፍና የመውለጃው ጠጠር ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ። በዚያን ጊዜ አጥማጁ በሰፊው ሐይቅ ላይ፣ ቀዳዳው ሰፋ ባለ መረብ፣ ቀረሶንና አምባዛን ሊያጠምድ ይችላል። ቀዳዳው የሰፋ መረብ ትንሹን ዓሣ ያሳልፈዋል፤ ያለፈውም ለከርሞ ይቆያል። ብርብራና እንደ ጸጉር የቀጠነው መረብ ግን በየትኛውም ወር ቢሆን ሊፈቀድ አይገባም።

ይህ ሲደረግ የአጥማጁ ጓዳ እንዳይራቆት ማሰብ ከሕጉ እኩል አስፈላጊ ነው። የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከመውለጃው ወራት በኋላ እንዲሆን ማድረግ ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም። የአጥማጆች ማኅበራት የራሳቸውን ወንዝ አፍ ራሳቸው እንዲጠብቁ ሥልጣን ቢሰጣቸው፣ ከከተማ ተልኮ ከሚመጣ ተቆጣጣሪ ይልቅ የሚያዩትም የሚያውቁትም እነርሱ ናቸው። በባሕር ዳር የሚገኘው የዓሣና የሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከልም የሚያገኘው እውቀት ከመጽሔት አልፎ በአጥማጁ ቋንቋ እንዲነገር ያስፈልጋል። ግድብ የሚሠራ መሐንዲስም ገና ንድፉን ሲያወጣ ስለ ዓሣው መንገድ ይጠይቅ።

ገዢውስ? የደምበጫ ምግብ ቤት፣ የደብረ ማርቆስ ሆቴልና የአዲስ አበባ ነጋዴ ሁሉ በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በነሐሴ ወር ነጭ ዓሣ የማይገዛ ደንበኛ ቢበዛ፣ በወንዝ አፍ የሚዘረጋው መረብ ያለ ዘበኛ ይቀንሳል። ይህን ለማድረግ አዋጅ አያስፈልግም፤ ዓሣውን ለይቶ ማወቅና «ዛሬ ቀረሶ ካለ ስጡኝ» ማለት ይበቃል።

ወጣት አንባቢዎቻችን፣ አንዳንዶቻችሁ ነገ በየወረዳው ትመደባላችሁ። ከፊታችሁ በአንድ በኩል የጥበቃ መመሪያ፣ በሌላ በኩል የድኻ አጥማጅ አቤቱታ ይቀርባል። ለመመሪያው ብላችሁ ሰውየውን ብታባርሩት ሌሊት ተመልሶ ይመጣል። ለሰውየው አዝናችሁ መመሪያውን ብትተዉት ደግሞ ልጁ የሚያጠምደው ያጣል። ሁለቱንም አስታርቆ መፈጸም ግን ከቢሮ ወጥቶ ወንዙን አይቶ፣ ከአጥማጁ ጋር ተቀምጦ ተመካክሮ የሚገኝ ጥበብ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ዘመን «የጣናን ልጅ ዓሣ አማረው» ወደሚል እንዳይለወጥ የሚያደርጉት እንዲህ ያሉ ሹማምንት ናቸው።

ወደ ማምሻው ወተት ዓባይ ላይ ስንደርስ ግልገል ዓባይ ሞልቶ፣ ቀልቶ ይወርድ ነበር። ከድልድዩ ላይ ቆመን ብንመለከት ከደፈረሰው ውሃ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ውሃ ሥር፣ ሽቅብ፣ ወደ ተወለደበት ጠጠር የሚታገል ዓሣ እንደሚኖር አሁን እናውቃለን። ወጣቱ ሠራተኛ ከድልድዩ ጫፍ ወደ ታች ሲመለከት ቆየና፣ «በመስከረም የሚመለሱትን ቢቆጥሩልን ጥሩ ነበር» አለ። እኛም ከዚህ የተሻለ የሥራ መጀመሪያ አላገኘንለትም።